ቢራ ነው እንዴ የምትደግፈው?

ወገን፣ ዛሬ ይውጣልኝ። ረጅም ነው፤ ትዕግስት የሌለው ከአሁኑ ይለፈው።

የምሠራው ኢስታንቡል፣ ላሌሊ፣ ካርጎ ቤት ነው። ከመርካቶ የሚመጡ ነጋዴዎች የገዙትን ጂንስና ቀሚስ እንቀበላለን፣ በማዳበሪያ እንጠቀጥቃለን፣ በፕላስተር እንጠቀልላለን፣ መዝነን እንልካለን። በሥራው ቅሬታ የለኝም። እኔን የሚያቃጥለኝ የሻይ ሰዓት ነው።

እዚህ አገር ሰው ስምህን ሳይጠይቅህ የማን ደጋፊ እንደሆንክ ይጠይቅሃል። መልሱ ሦስት ብቻ ነው፦ ፌነርባህቼ፣ ገላታሳራይ፣ ቤሺክታሽ። በሌላ ከተማ ያለውን ትራብዞንን ካልክ እዚያ ዘመድ አለህ መሰለኝ ብለው ይተዉሃል። እኔ ግን «አናዶሉ ኤፌስ» እላለሁ፤ የቅርጫት ኳስ ክለብ ነው። በቃ፣ የሻይ ብርጭቆው ከአፋቸው ሳይደርስ ይቆማል። አለቃዬ ከነአያቱ ፌነርባህቼ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ብቻ ነው ያለችው፦ «ቢራ ነው እንዴ የምትደግፈው?» ሁሌም እንደ አዲስ ይስቃል። አብረውት የሚስቁት ደሞዝ የሚከፍላቸው ናቸው።

እሺ፣ ቢራ ነው። ክለቡን በ1976 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው ቢራ ጠማቂ ነው፤ ስሙም ኤፌስ ፒልሰን ነበር። በ2011 መንግሥት የአልኮል ስም በስፖርት ክለብ ላይ እንዳይለጠፍ ሲከለክል «ፒልሰን» ወጥቶ «አናዶሉ» ገባ። ታዲያ ምን ይጠበስ? እኛ አገር ሰው መድንን ሲደግፍ፣ ባንክን ሲደግፍ ኖሯል። መብራት ኃይልን የሚደግፍ ሰው «ቆጣሪ ነው እንዴ የምትደግፈው?» ተብሎ ያውቃል? ቡና ደጋፊ ፊት ሄዳችሁ «ጀበና ነህ» በሉና ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሐቅ ነው። ኤፌስ የእግር ኳስ ቡድን የለውም። ፌነርባህቼነት ከአባት ይወረሳል፣ ሕፃኑ ገና ሳይጠመቅ (ማለቴ ሳይገረዝ) ማልያው ተገዝቶለታል። ኤፌስን ግን የሚያወርስህ የለም። አንድ ቀን ራስህ ገብተህ ትወደዋለህ፣ ከዚያ ብቻህን ትቀራለህ።

እኔ የገባሁት ሙቀት ፍለጋ ነው። አልዋሽም። 2018 ክረምት፣ የኢስታንቡል ብርድ ገና ያልለመደኝ ጊዜ፣ አንድ ደንበኛ ትኬት ሰጠኝ። ከአክሳራይ በሜትሮ አታኮይ ሺሪንኤቭለር ወረድኩ፣ ሲናን ኤርደም አዳራሽ ገባሁ። አሥራ ስድስት ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ግማሹ ወንበር ባዶ። ጃኬቴን አውልቄ ሙቀቱን ስጠጣ አንድ ከእኔ ብዙም የማይረዝም ልጅ ኳሷን ይዞ በግዙፎቹ መሃል ሹልክ አለ። የኤፌሱ ሼን ላርኪን ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ክንዴን ያዘኝ። ቱርክኛዬ ያኔ «ስንት ነው» እና «ይቀንሱ» ብቻ ስለነበር የተናገረው አልገባኝም፤ እጁ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ነው ታሪኩን ሁሉ የሰማሁት፣ ቋንቋው እየገባኝ ሲሄድ። በ1993 ቶሪኖ ላይ፣ ለአውሮፓ ሁለተኛው የክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው በግሪኩ አሪስ 50 ለ48 ተሸነፉ። ሁለት ነጥብ! አንዲት ቅርጫት። ሽማግሌው ይህንን ሲናገር ዛሬም ፊቱን ያዞራል። በ1996 ደግሞ የኮራች ዋንጫ (ሌላ የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ፍጻሜ ከሚላኑ ስቴፋኔል ጋር። ያኔ የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበር፤ እዚህ 76 ለ68 አሸነፉ፣ እዚያ 77 ለ70 ተሸነፉ። ደምሩት፦ 146 ለ145። አንድ ነጥብ። አሰልጣኙ አይዲን ኦርስ፣ ኳሱን የሚያቀናብረው ፔታር ናውሞስኪ። ገላታሳራይ በእግር ኳስ የዩኤፋን ዋንጫ ከማንሳቱ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ይህንን ለአለቃዬ ስነግረው «እሱ ቅርጫት ኳስ ነው» ይለኛል። በግንቦት 2025 የራሱ ቡድን በቅርጫት ኳስ ሲያሸንፍ ባክላቫ ያከፋፈለው ማን ነበር ታዲያ? ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለው ወቅት ኤፌስ በዩሮሊግ፣ በአውሮፓ ትልቁ የክለቦች ሊግ፣ ከ16 ክለቦች መጨረሻ ነበር፤ 7 አሸንፎ 23 ተሸንፎ። አሰልጣኙ ኤርጊን አታማን በታኅሣሥ 2017 ነው የፈረሰውን ቤት የተረከበው። እኔ የደረስኩት ሲነሳ ነው። በ2019 ቪቶሪያ ላይ በፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች ፍልሚያ) ግማሽ ፍጻሜ ፌነርባህቼን 92 ለ73 ሲደቁሰው አለቃዬ ሁለት ቀን ሙሉ በእጁ ምልክት ብቻ ነበር ሥራ የሚያዘኝ። ያ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁለት ቀናት ሁሉ ጸጥ ያለው ነው። ፍጻሜውን በሲኤስካ ሞስኮ 91 ለ83 ተሸነፍን፣ እሱም ምንም አይደለም።

የሚያንገበግበኝ የሚቀጥለው ነው። 2019–20። 28 ጨዋታ፣ 24 ድል፣ 4 ሽንፈት። ላርኪን በባየርን ላይ 49 ነጥብ ያስቆጠረበት ዓመት፤ ከ2000 ወዲህ በዩሮሊግ በአንድ ጨዋታ ያን ያህል ያገባ እስከዚያ አልነበረም። የሚነካን አልነበረም። ከዚያ ኮሮና መጣና ወቅቱ ተሰረዘ፣ ዋንጫውን ማንም አልወሰደም። ሰው እየሞተ ስለ ኳስ ማልቀስ ነውር ስለሆነ ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን አምስት ዓመት አለፈው፣ ይፈቀድልኝ፦ ተዘርፈናል!

በ2021 ኮሎኝ ላይ ባርሴሎናን 86 ለ81 አሸንፈን ዋንጫውን አነሳን። ቫሲሊዬ ሚቺች 25፣ ላርኪን 21 አስቆጠሩ። ደስታው ግን በባዶ አዳራሽ ነበር፣ ተመልካች አልተፈቀደም። እኔ ካርጎ ቤቱ ውስጥ፣ በስልክ፣ ድምፅ ቀንሼ። ሠርግህ ደርሶ እንግዳ እንደማይገባ ቢነገርህ አስበው።

2022፣ ቤልግሬድ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኦሎምፒያኮስን ሚቺች በመጨረሻዋ ሰከንድ በሦስት ነጥብ ጥሎ 77 ለ74። ፍጻሜው ላይ ሪያል ማድሪድ፣ 58 ለ57። አሁንም አንድ ነጥብ! እንዴት ያለ አስቀያሚ ጨዋታ ነበር፣ ሁለቱም ማግባት አቅቷቸው። ረጅሙ ጀርመናዊ ቲቦር ፕላይስ 19 ነጥብ ባያስገባ ኖሮ ዛሬ ስለ ቶሪኖ ሁለተኛ ክፍል ነበር የምጽፈው። ሽማግሌው በማግስቱ ደወለልኝ። «ያቺ የ93ቷ ቅርጫት ተመለሰች» አለኝና ዘጋው።

እንግዲህ ብሶቴ ከዚህ ይጀምራል።

ያንን ድል ለማክበር ማልያ ገዛሁ። ጀርባው ላይ «ሚቺች 22»። በሚቀጥለው ወቅት ሻምፒዮኑ ቡድን ጥሎ ማለፉ (ፕሌይኦፍ) እንኳ አልገባም። በ2023 ሚቺች ወደ አሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ፣ ኦክላሆማ ሄደ። አታማን ወደ አቴንስ፣ ፓናቲናይኮስ ሄደ። ዳንስተን ሄደ። ማልያው ቤት መወልወያ ሆነ ብል ውሸት ነው፣ አሁንም እተኛበታለሁ። በ2024 ልቤን አጠንክሬ ሌላ ገዛሁ፦ «ብራያንት»። ኤላይጃ ብራያንት የ2022ቱን ዋንጫ ያነሳ ልጅ ነው፣ ይቆያል አልኩ። በ2025 ሃፖኤል ቴል አቪቭ ወሰደው። ማልያው ሚዛኑ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ክለብ ነው ወይስ የአውቶቡስ መናኸሪያ? በየሰኔው አሮጌዎቹ ይሳፈራሉ፣ በየነሐሴው አዲሶቹ ይወርዳሉ፣ እኔ በየመስከረሙ ስም አጠናለሁ። አታማን በሄደ በሁለት ዓመት ውስጥ አራተኛው አሰልጣኝ ላይ ደረስን፦ ኤርደም ጃን፣ ሚያቶቪች፣ ባንኪ፣ በ2025 ደግሞ ኢጎር ኮኮሽኮቭ። ኮኮሽኮቭ ቀድሞ የማን አሰልጣኝ ነበር? የፌነርባህቼ! አለቃዬ ዜናውን ሲሰማ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፣ የሚያነቡ ልጆች አሉ።

አታማንስ? በመጀመሪያው ዓመቱ ፓናቲናይኮስን የ2024 የዩሮሊግ ሻምፒዮን አደረገ። አልበቃውም። በ2025 ፕሌይኦፍ ላይ ከእኛ ጋር ተገናኘና፣ አምስተኛው ጨዋታ ድረስ አንገታችንን አንጠልጥሎ፣ 3 ለ2 አስወጣን። በመስከረም 2025 ደግሞ የቱርክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ጀርመን 88 ለ83 ባታሸንፈው ኖሮ መንገድ ይዘጋ ነበር። ላርኪንም አብሮት ነበር፣ የቱርክ ዜግነት አለውና። እኔም ከሕዝቡ ጋር ጮህኩ። የሄደ ፍቅረኛህ ሠርግ ላይ እንደመጨፈር ያለ ስሜት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ገንዘብ ነው፣ ሌላ ምን። ካርጎ ቤት የሚሠራ ሰው ይህንን ለመረዳት የኢኮኖሚ ዲግሪ አያስፈልገውም። ለተጫዋቹ የሚከፈለው በዩሮና በዶላር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው በሊራ ነው። እኔ ስመጣ ዶላር 6 ሊራ አካባቢ ነበር፣ በመስከረም 2025 41 አልፎ ነበር። እኛ ኪሎውን በዶላር ስለምናስከፍል ተርፈናል። ኳስ ግን በኪሎ አይላክም። ኤንቢኤ ሲጠራ ደግሞ ማንም አያስቀርም፤ ፌነርባህቼ ራሱ በግንቦት 2025 አቡዳቢ ላይ ሞናኮን 81 ለ70 አሸንፎ ዋንጫውን ካነሳ በኋላ የፍጻሜው ኮከብ ናይጄል ሄይስ ዴቪስ ወደ ፊኒክስ በረረ። (ባክላቫው የዚያ ቀን ነው። እኔ አልበላሁም። እሺ፣ አንድ በላሁ።)

እነሱ ግን አንድ ኮከብ ሲሄድባቸው ሰማይ አይደፋባቸውም። አታሼሂር ያለው አዳራሻቸው ማንም ቢጫወት ይሞላል፤ ማልያቸውን የሚሸጠው የክለቡ ስም እንጂ ጀርባው ላይ ያለው ስም አይደለም። አሰልጣኙ ኦብራዶቪች በ2013 መጥቶ ሰባት ዓመት ቆየላቸው፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ ፋይናል ፎር ገቡ፣ በ2017 እዚሁ ኢስታንቡል ላይ የመጀመሪያውን አነሱ። በ2025 እነሱ ሁለት፣ እኛ ሁለት ሆንን። አለቃዬ በየቀኑ ሁለት ጣቱን ያሳየኛል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ሦስተኛውን ያነሳል።

ባለፈው ሳምንት ይህንን ሁሉ ስነጫነጭ አንዲት ከመርካቶ የመጡ ነጋዴ፣ ማዳበሪያቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ይከፍሉሃል?» አሉኝ።

«አይ፣ እትዬ።»

«ዕቃ ይልኩብሃል?»

«አይልኩም።»

«ታዲያ ምን አንጨረጨረህ? ይልቅ የእኔን መዝንልኝ።»

መዘንኩላቸው። 64 ኪሎ።

በ2025–26 ዩሮሊግ ወደ 20 ክለብ አደገ፣ ሁሉም 38 ጨዋታ የሚጫወት ሆነ። ዱባይ ገባ፣ ሃፖኤል ገባ፣ ሁለቱም ኪሳቸው ከባድ ነው። እስከ ስድስተኛ የወጣ በቀጥታ ፕሌይኦፍ ይገባል፣ ከሰባት እስከ አሥር ያለው ለቀሩት ሁለት ቦታዎች በፕሌይ ኢን ይፋለማል። እኔ ስምንተኛ ብዬ ነበር። ከአዲሶቹ ኮርዲኒዬ ጥሩ ነው ይሉ ነበር፣ ሎይድም ከሞናኮ መጣ፤ ላርኪን ግን በጥቅምት 2025 33 ሞላው፣ በእግሩ ፍጥነት የሚኖር ልጅ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ኤንቢኤና የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ፊባ አውሮፓ ውስጥ አዲስ ሊግ እንመሥርት የሚሉት ወሬ ነው። ከኢስታንቡል አንድ ክለብ እንምረጥ ቢሉ ባለ ሚሊዮን ደጋፊውን ትተው ሁለት ዋንጫና ግማሽ አዳራሽ ያለውን የሚመርጡ ይመስላችኋል? ክለቡ አሁን የሚጫወተው ዘይቲንቡርኑ ባለው አዲሱ አዳራሽ ነው፣ የድሮው አብዲ ኢፔክቺ በነበረበት ቦታ። ከሲናን ኤርደም ያነሰ ስለሆነ ቢያንስ ባዶው ወንበር ቀንሷል። ለእኔም ትራም አለኝ። ሽማግሌው ግን ጉልበቱ አልችል ስላለው ዘንድሮ አይመጣም፣ ቤቱ ሆኖ ነው የሚያየው።

ያ ወቅት ሊጀመር ሲል አንድ ጠዋት ሻይ ላይ አለቃዬ ውርርድ አመጣ። «ካርዴሺም (ወንድሜ)፣ ዘንድሮ ኤፌስ የሚጫወቱ አምስት ሰዎች ሳታስብ ጥራልኝ። ከጠራህ የሁሉንም ሻይ እኔ እከፍላለሁ፣ ስለ ቢራውም ሁለተኛ አላነሳም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቆመ። ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። «ላርኪን። ኦስማኒ። ፖሪዬ። ሎይድ...» አራት ሆነ። አምስተኛውን ስፈልግ ዓይኔ ሚዛኑ ጀርባ ሄደ።

«ብራያንት» አልኩ።

ሻዩ ስምንት ብርጭቆ ነበር። ከፈልኩ።