የፖቶማክ ወንዝን ዳር በመኪና ለምትሄዱ

አንድ የጉዞ ጽሑፍ በአሜሪካ ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ ከተማ ያለውን አሮጌውን የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ በአንድ ቀን የሚጎበኝ አስመስሎታል። አይሆንም። ቦዩ 297 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የዳር መንገድ ለመኪና ዝግ ስለሆነ በየቦታው ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ መመለስ ግድ ነው። ቢያንስ ሁለት ቀን ያዙ።

ግሬት ፎልስ ላይ ፏፏቴውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ሎክ የሚባሉትን፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የድንጋይ ክፍሎች ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥንድ መዝጊያዎቹ ሲገጥሙ ጫፋቸው ወደ ላይኛው ውሃ ይሾላል፤ ስለዚህ የውሃው ግፊት ራሱ አጥብቆ ይዘጋቸዋል። ውሃው ሁለቱም ወገን እኩል ካልሆነ በስተቀር ማንም ጉልበተኛ አይከፍታቸውም። በመስመሩ 74 ሎኮች አሉ፣ እያንዳንዱ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ያነሳል።

ሃርፐርስ ፌሪ ታችኛው ከተማ ማቆሚያ ፍለጋ አትንከራተቱ፤ መኪናውን ከላይ በጎብኚዎች ማዕከል ትታችሁ በፓርኩ አውቶቡስ ውረዱ። ከዚያ በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ቦዩ ዳር መድረስ ይቻላል።

ቦዩ የሚያልፍበት ፓው ፓው ዋሻ 950 ሜትር ጨለማ ነው፣ መሬቱም ወጣ ገባ። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ያዙ። በድንጋይ ናዳ ወይም በጎርፍ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ።