ጥሪው ሲበዛ

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከጎረቤቴ ጋር ያስተዋወቀን የበረዶ አካፋ ነው። እኔ አካፋ አልነበረኝም፤ እሳቸው ሁለት ነበራቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በአፌ «ዩ» ብላቸውም በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነው የምላቸው። ከአካፋው ቀጥሎ ቡና መጣ፣ ከቡናው ቀጥሎ የኮሌጅ ፉትቦል መጣ (የእግር ኳሱ ሳይሆን፣ ኳሱ በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካኖቹ)፤ ቡናው በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሲያበቃ ፉትቦሉ ግን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ እየተቀዳ ነው።

በዚህ ከተማ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሃይማኖት ቀጥሎ ይመጣል የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው፤ ጨዋታው ቅዳሜ ስለሆነ ከሃይማኖት ይቀድማል። በኅዳር ማብቂያ ከሚሺጋን ጋር የሚገጥሙበት ሳምንት ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉ ጽሑፎች ላይ «ኤም» የሚለው ፊደል በቀይ ፕላስተር ይሰረዛል፤ ስሙንም በአፋቸው ላለመጥራት «ያ የሰሜኑ ቡድን» ብለው ያልፉታል። በልጅነቴ ከመሸ በኋላ የጅብ ስም ስንጠራ እናቴ ትቆጣ ስለነበር ይህ ሥርዓት ብዙም አልከበደኝም። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ መደበኛው ውድድር ተጠናቆ በታኅሣሥና በጥር የሚመጣው፣ «ቦውል» የሚሉት ጨዋታ።

ቦውል ማለት ጎድጓዳ ሳህን ነው። እኛ ጨዋታን የምንቋጨው በዋንጫ ሲሆን እነሱ በሳህን በመሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ የሚበላ ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር፤ ጨርሶ እንዳልተሳሳትኩ ኋላ ይታያል። ስሙ የመጣው ከስታዲየሞቹ ቅርጽ ነው፤ ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1902 (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ እቆጥራለሁ)፣ ከአድዋ ድል ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና የአዲስ ዓመት የአበባ ሰልፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች በዓላቸውን የሚያደምቅ ነገር ፈለጉና ሚሺጋንንና ስታንፎርድን ጠርተው አጋጠሙ። ሚሺጋን 49 ለ 0 እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ ስታንፎርዶች «ይብቃን» ብለው ወጡ። አዘጋጆቹም በውጤቱ አፍረው ፉትቦሉን ጣሉና ለዓመታት በሠረገላ እሽቅድምድም ተኩት፤ ሰጎን ያሯሯጡበትም ጊዜ አለ። ኳሱ ወደ ፓሳዲና የተመለሰው በ1916 ነው። የዛሬው ግዙፍ ንግድ ቅድመ አያት፣ እንግዲህ፣ በሰጎን የተተካ የድግስ ማድመቂያ ነበር።

ድግስ በመሆኑም በእሱ ላይ የሚወሰን ነገር አልነበረም። የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለየው በጋዜጠኞችና በአሰልጣኞች ድምፅ ሲሆን፣ ድምፁም እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአብዛኛው የሚሰጠው ከቦውሉ በፊት ነበር። የ1964ቱ አላባማ ሻምፒዮን ተብሎ ካበቃ በኋላ በኦሬንጅ ቦውል በቴክሳስ 21 ለ 17 ተሸነፈ፤ ማዕረጉን ግን ማንም አልነካበትም። ሰርጉ አልቋል፤ ይህ መልስ ነው፤ በመልስ ዕለት ሙሽራው ቢያንቀላፋ ጋብቻው አይፈርስም።

ክብሩ ሁሉ ያለው ታዲያ በመጠራቱ ላይ ነበር። ጎረቤቴ የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1961፣ ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን 50 ለ 20 ቀጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨርሶ፣ የፓሳዲናው ጨዋታ፣ የሮዝ ቦውል፣ ጥሪ ደረሰው። የዩኒቨርሲቲው የመምህራን ጉባኤ ግን «ፉትቦሉ ከትምህርቱ በላይ ገነነ» ብሎ ተሰበሰበና በ28 ድምፅ ለ25 ጥሪውን አልቀበልም አለ። ተማሪው ግልብጥ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ከተማው ታመሰ። «ሁለት ሰው!» ይላሉ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ፣ ሁለት ጣታቸውን አንስተው። «ሁለት ሰው ብቻ ሐሳቡን ቢለውጥ 27 ለ 26 እንሄድ ነበር!» ዕድሜ ልካቸውን መቀነስና መደመር ያስተማሩት በዚህ ምሳሌ ነው ብለውኛል። እኔ በበኩሌ ፕሮፌሰሮች ተሰብስበው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ የሰጡት ድምፅ ደግሞ ተግባራዊ የሆነበትን ይህን ታሪክ የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን ግን ለጎረቤቴ አልነገርኳቸውም።

በ1973 የሆነው ከዚህም ይብሳል። በዚያን ዘመን ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር አንድ ቡድን ብቻ፣ ወደ ሮዝ ቦውል ብቻ ነበር የሚልከው። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ሁለቱም ሳይሸነፉ ገጥመው 10 ለ 10 ወጡ። የማኅበሩ የስፖርት ኃላፊዎች ድምፅ ሰጡና ኦሃዮ ስቴትን ላኩ፤ ሚሺጋን ዓመቱን ሙሉ በማንም ሳይሸነፍ ቤቱ ተቀመጠ። «ግፍ ነበር» ይላሉ ጎረቤቴ፣ ፊታቸው እንደ አጥቢያ ኮከብ እያበራ።

አሁንስ? አሁን ቦውሎቹ ከአርባ በላይ ናቸው፤ በከፍተኛው እርከን ከሚወዳደሩት ከ130 በላይ ቡድኖች ከግማሽ የሚበልጡት ይጠራሉ። አስራ ሁለት ተጫውቶ ስድስቱን ያሸነፈ ብቁ ነው፤ በ2015 እንዲያውም ስድስት ያሸነፈ በቂ ቡድን ጠፍቶ አምስት ብቻ ያሸነፉ ሦስት ቡድኖች ተጠርተዋል። ይህን ስሰማ አልገረመኝም። በዋሽንግተን አካባቢ ለአራት መቶ ሰው አዳራሽ ከከፈለ በኋላ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው «የቀረ ወንበር አለ፣ ሥራ ከሌለህ ና» ብሎ የደወለልኝ ወዳጅ ስላለኝ፣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሄጄም በልቻለሁ። እዚህም ወንበሩን የከፈለው ቴሌቪዥኑ ነው፤ በፈረንጅ ገናና በአዲስ ዓመት መካከል ሕዝቡ ቤቱ ተጋድሞ ማንኛውንም ነገር እንደሚያይ ስለሚያውቅ፣ የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ከአስር የሚበልጡ ቦውሎችን ባለቤት ሆኖ ራሱ ይደግሳል።

ድግሱ በበዛ ቁጥር ምግቡም እውነተኛ ምግብ ሆነ። ድሮ ቦውሎቹ ስማቸው ጽጌረዳ፣ ብርቱካን፣ ስኳር፣ ጥጥ ነበር፤ የአካባቢው ምርት መሆኑ ነው። ዛሬ በሻርሎት በአንድ የማዮኔዝ አምራች ስም የሚጠራ ቦውል አለ፤ ያሸነፈው አሰልጣኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዮኔዝ ከአናቱ ይደፋበታል። በአይዳሆ የድንች ቦውል የሚደፋው የድንች ጥብስ ነው። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በኦርላንዶ፣ ፖፕ ታርት የተባለው ብስኩት ባዘጋጀው ቦውል፣ የብስኩቱን መልክ የለበሰ ፍጡር ሜዳው ላይ ሲጨፍር ውሎ፣ ጨዋታው ሲያልቅ እጁን እያወዛወዘ ግዙፍ የዳቦ መጥበሻ (ቶስተር) ውስጥ ገባ፤ ከታች ትልቅ ብስኩት ሆኖ ወጣና ያሸነፉት የካንሳስ ስቴት ልጆች ቆራርሰው በሉት። ከጎረቤቴ ጋር አብረን ነበር ያየነው። ጾመ ነቢያት ስለነበር ወደ ማዮኔዙም ወደ ብስኩቱም በዓይኔ ብቻ ነው የተካፈልኩት፤ ማዮኔዝ እንቁላል እንዳለበት ለጎረቤቴ ባስረዳቸው «አሰልጣኙ ላይ ቢደፋስ ጾም ያፈርሳል?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ግን ለንስሐ አባቴ ለማቅረብ እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም።

በሌላ በኩል፣ ከተጠሩት መካከል መቅረት ተጀመረ። በጥር 2016 የኖትር ዳሙ ጄይለን ስሚዝ በፊየስታ ቦውል የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና፣ በፕሮፌሽናሉ ምልመላ ከመጀመሪያዎቹ ይጠራል ሲባል ወደ ሁለተኛው ዙር ወረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊዮናርድ ፎርኔትና ክርስቲያን ማካፍሪ ከቡድኖቻቸው ቦውል ቀሩ፤ በምልመላውም አራተኛና ስምንተኛ ሆነው ተመረጡ። ያን ጊዜ «ጓደኛን መክዳት ነው» ብሎ ያልሰደባቸው አልነበረም። ዛሬ የሚሰደበው ገብቶ የተጫወተው ነው፤ «ይህ ልጅ አማካሪ የለውም እንዴ?» ይባላል። በዚህ ላይ ተጫዋቾች እንደ ልባቸው ትምህርት ቤት የሚለዋውጡበት ፈቃድ መጣ፤ ከ2021 ጀምሮም በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በሰርግ ቋንቋ ብናገረው፣ ሚዜዎቹ ለመልሱ ልብስ ለክተው ሳለ ሌላ ሙሽራ የተሻለ ከፍሎ ወሰዳቸው። መክፈሉንስ አልነቅፍም፤ ልጆቹ ስታዲየም ሲሞሉ ኖረው ቢከፈላቸው ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም። ግን መልሱን ማን ያጅበው?

የዚህ ሁሉ ሥር ጥሎ ማለፉ ይመስለኛል። በ2014 ሻምፒዮኑን የሚለይ፣ አራት ቡድኖች የሚሳተፉበት ውድድር ሲጀመር፣ ከአራቱ ውጭ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ምክንያት ጠፋው። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 አስራ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎ ከአራቱ ሳይገባ ቀረ፤ ለመጽናኛ በተሰጠው ኦሬንጅ ቦውል ግማሹ ቡድን ሳይመጣ ቀርቶ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ። የፓሳዲናው 49 ለ 0 ሰጎን ካስመጣ፣ ይኼኛው ዝሆን ማስመጣት ነበረበት። በ2024 አራቱ ወደ አስራ ሁለት አደጉ። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ኖትር ዳም ከአስራ ሁለቱ ሳይገባ ሲቀር ሌላ ቦውል አልፈልግም ብሎ ቤቱ ዋለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ1925 እስከ 1969 ድረስም ቦውል አይሄድም ነበርና መኳረፉ አዲስ አልሆነብኝም። ልቤን የነካው በዚያው ሰሞን ከቦውል የቀሩት አዮዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴት ናቸው፤ ማኅበራቸው እያንዳንዳቸውን 500,000 ዶላር ቀጣቸው። የመቅረት ቅጣት! የዕድራችን ዳኛ ይህን ሲሰሙ ሒሳብ ሹሙን አስጠርተው «የኛ ስንት ነበር?» አሉ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በኅዳር 30፣ 2024 ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸነፈ፤ አራተኛ ተከታታይ ዓመቱ ነበር። ጎረቤቴ ባንዲራቸውን አወረዱ። በከተማው አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር የማይል አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ሹሮ ሠርቼ ይዤላቸው ሄድኩ። በድሮው ሥርዓት ዓመቱ እዚያ ላይ ተቀብሮ ነበር። አሁን ግን አስራ ሁለቱ ውስጥ ገብተዋልና ባንዲራው ተመልሶ ተሰቀለ፤ ቴነሲን 42 ለ 17፣ በሮዝ ቦውል ኦሪገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14 አሸነፉና በጥር 20፣ 2025 በአትላንታ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 ረትተው ሻምፒዮን ሆኑ። በእኛ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ መሆኑ ነው፤ መልካሙ ወይን ለመጨረሻ የወጣበት ሰርግ መታሰቢያ። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ቢራቸውን አንስተው ከልባቸው ተደሰቱ፤ ግን ወዲያው «እነዚያ ሰዎች ግን አሸንፈውናል እኮ» አሉ። ሮዝ ቦውል ላይ የተገኘው ድል ትዝ ይላቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው «አዎ፣ ሩብ ፍጻሜው» አሉኝ። ሕይወታቸውን ሙሉ የጮሁለት የፓሳዲና ጥሪ ደረጃ ሆኖ ታልፎ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ተገላበጠ። ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን 27 ለ 9 አሸነፈ፤ ጎረቤቴ በደስታ የእኔን መግቢያ ሳይቀር ጠረጉልኝ። ከዚያ በቢግ ቴን ማኅበር ፍጻሜ በኢንዲያና 13 ለ 10፣ በኮተን ቦውልም በማያሚ 24 ለ 14 ተሸነፉና ዓመቱ አለቀ። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 19፣ 2026፣ ነጭ ልብሴን እንደለበስኩ ሄጄ፣ ለብዙ ዘመን በመሸነፍ የሚታወቀው ኢንዲያና ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ሲነግሥ አብረን አየን። ማስታወቂያ ሲገባ «ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛውን ዓመት ይመርጣሉ? በሚሺጋን ተሸንፈው ሻምፒዮን የሆኑበትን ወይስ ሚሺጋንን አሸንፈው ባዶ እጃቸውን የገቡበትን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ብዙ አሰቡ። ብርጭቋቸውን አዙረው አዩት።

«የ1961ን» አሉ፤ ውጭ በረዶ መጀመሩን በመስኮት አይተው ሁለተኛውን አካፋ አቀበሉኝ።