ቆሞ 20 የሚነዳ መኪና

ዛሬ መገናኛ ላይ ነዳጅ አለቀብኝ። ጌጁ ግን «ግማሽ» ነው የሚለው። ግማሽ! በሰማያዊ መብራት አጊጦ ፊት ለፊቴ ይዋሻል።

የዳሽቦርዱን ጌጆች በሚያበራ አዲስ ፊት ያስዋበልኝ ኤሌክትሪሻን ምን ነበር ያለኝ? «ችግር የለውም፣ ቀላል ሥራ ነው።» ችግር የለውም ብሎ ችግር ሳይተው የሄደ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያበራውን አዲስ ፊት ለመግጠም ቀስቶቹ መነቀል አለባቸው። እሺ፣ ይገባኛል። ግን ሳይነቅል በፊት የት እንደቆሙ ምልክት ማድረግ ምን ይከብዳል? ስልኩ እኮ እጁ ላይ ነው! አንዴ ፎቶ ቢያነሳ ካርዱ ያልቅበታል? ጭራሽ በምሳ ሹካ ፈነቀላቸው። ሲመልስ ደግሞ ዓይኑን ጨፈን፣ ጠቅ! በግምት።

አሁን መኪናዬ ቆሞ 20 ይነዳል። ቀለበት መንገድ ላይ ቀስቱ ከሚለው 20 እየቀነስኩ ነው የምሄደው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሒሳብም ነበረው እንዴ? የሞተሩ ሙቀት ጌጅ የሚለውንማ ማየት ትቻለሁ። ለጤናዬ።

ድምፁስ! መብራቱን የሚያበራው ኢንቨርተር የሚሉት ትንሽ ሳጥን አለ። ሲመሽ፣ መብራት ሳበራ፣ ጥዝዝዝ... ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢምቢ የተከራየች ነው የሚመስለው። ሬዲዮ ስከፍት ከጋዜጠኛው ጋር አብራ ዜና ታነባለች።

ነዳጅ በጀሪካን እስኪመጣልኝ ለኤሌክትሪሻኑ ደወልኩለት። አንድ በአንድ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ግን ማታ ማታ ያምራል አይደል?»