የሜዳ ስልኩን አትርሱት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጋው አሜሪካዊ ምክትል መቶ አለቃ ኦዲ መርፊ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ፤ ግን ጀግንነቱን ሁሉ ለመትረየሱ ሰጥታችሁ ስልኩን ዘለላችሁት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1945 በፈረንሳይ፣ ሆልትስቪር አጠገብ 6 የጀርመን ታንኮች ከእግረኛ ጋር ሲመጡ መርፊ የሚመራውን የሻምበል ጦር ወደ ጫካው እንዲያፈገፍግ አዝዞ ብቻውን ከፊት የቀረው መድፉን በስልክ ለመምራት ነው። ጥይቱ የት እንደወደቀ እያየ የሚያርም ሰው ከሌለ መድፍ ዕውር ነው።

ከዚያ መትረየሱን ለመተኮስ የወጣበት ታንክ አውዳሚ (ታንክ ለመምታት የተሠራ ባለ መድፍ ተሽከርካሪ) ተመትቶ እየነደደ ነበር፤ ነዳጁና ጥይቱ በየትኛውም ሰከንድ ሊፈነዳ ይችል ነበር። 12.7 ሚሊሜትሩ መትረየስ ላይ ቆሞ ከሦስት አቅጣጫ እየተተኮሰበት ለአንድ ሰዓት ያህል ተዋጋ። ጠላት እስከ 9 ሜትር ቀርቦት ነበር! ዒላማው በዋናነት እግረኛው መሆኑን ልብ በሉ። እግረኛው ሲበታተን ታንኮቹ ያለ አጃቢ ጫካ አፋፍ ላይ መቆየት ስለማይችሉ ወደ ኋላ አሉ።

እግሩ ቆስሎ፣ ጥይቱ አልቆ ወደ ሻምበል ጦሩ ሲመለስም ሕክምናውን ትቶ መልሶ ማጥቃቱን መራ። ይህን ጨርሶ አላነሳችሁትም፤ እባካችሁ ጨምሩት።