ከ9 ሰዓት በኋላ የማይገባበት ሳሎን

ዛሬም 9 ሰዓት ሲል ረከቦቴን ተሸክሜ ከገዛ ሳሎኔ ወጣሁ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የየቀኑ ሥራዬ ይኼ ሆኗል። ቤቱ የራሳችን ነው። 11 ዓመት ከደሞዛችን እየቆረጥን፣ የልጆቹን ልብስ እንኳ ለመጪው በዓል እያልን እያሳለፍን ያጠራቀምነው ብር ነው ግድግዳ ሆኖ የቆመው። ታዲያ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ፀሐይዋ በመስታወቱ ትገባና ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ ጠረጴዛውን አልፋ ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራሳችን መጋረጃ ብቻ ነው። የሶፋውን ክንድ ስትነኩት እጃችሁን ትሰበስባላችሁ። መጀመሪያ ቡናማ ነበር፤ አሁን በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ነጣ ብሎ የሌላ ሶፋ ቁራጭ የተቀጠለበት ይመስላል። ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ኮሪደሩ ላይ፣ መሬት ቁጭ ብላ ነው።

ብሶቴን የት ልውሰደው? እዚሁ ልጻፈው። ጅማ ውስጥ፣ ሌላም ቦታ ቢሆን፣ ቤት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡኝ።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ነው። እሱም የቤት ሠሪ ማኅበራችን ቤት ነው። ፕላኑ አንድ፣ ካሬው አንድ፣ ግንበኛው ሳይቀር አንድ። መንገዳችን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ስለሆነ የኛ ረድፍ በሙሉ ፊቱን ለምዕራብ ሰጥቷል፣ የእነሱ ደግሞ ለምሥራቅ። ሌላ ልዩነት የለንም። የጎረቤቴ ሳሎን ጠዋት ፀሐይ ይጠግብና ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ይላል። መኝታ ቤታቸው በምዕራብ በኩል ቢሆንም ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት የማታዋን ፀሐይ ይጋርድላቸዋል። "ነይ እንጂ፣ ቡናውን እዚህ እናፍላው" ትለኛለች። እሄዳለሁ። እሷ ቤት ተቀምጬ በበሩ በኩል የራሴን መስታወት አየዋለሁ፤ ፀሐይዋን ተቀብሎ ዓይን እስኪያጠፋ ያበራል። ጎረቤቴን እንኳን ደስ ያለሽ ነው የምላት፣ ከልቤ። ግን ያወጣነው ብር እኩል ነው።

የኛ ሰርቪስ ቤትም ጓሮ ነው፣ ያው ፕላኑ አንድ አይደል። የእኛ ጓሮ ግን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ የእኛው ሰርቪስ የሚጋርደው የምንፈልጋትን የጠዋት ፀሐይ ሆነ። መኝታ ክፍሎቹ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ይበራባቸዋል። ጅማን የምታውቁ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። መጋቢት ላይ ይጀምርና መስከረምን አልፎ ጥቅምትን የሚነካበት ዓመት አለ፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርድበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር መኝታ ቤት ፀሐይ ካላየ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። ነሐሴ ላይ የልጄን የትምህርት ቤት ጫማ ልወለውል ከቁም ሳጥኑ ሥር አወጣሁት። ጥቁር ቆዳው አረንጓዴ ሆኗል። ስፌቱን ተከትሎ ለስላሳ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር በቅሎበታል። ደንግጬ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት፤ ጀርባው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ ሽታውን ይዞታል፣ ሁለት ጊዜ አጥቤውም አለቀቀም። ግድግዳውን በበረኪና አሸን፣ አደረቅን፣ ቀለም ቀባን። ክረምት ሲገባ ተመልሶ መጣ።

አሁን ደግሞ በጋ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጅማ ላይ ብርድ አለው። ሙቀቱ የሚያስፈልገን መኝታ ቤት ነበር፣ እሱ እየበረደ ሳሎኑ ይጋገራል። ቀን ሙሉ የጋለው ብሎኬት ሙቀቱን የሚለቀው ማታ ነው፣ ያኔ ደግሞ እኛ ከሳሎን ተነስተን ተኝተናል።

እንዴት እዚህ ደረስን? ፕላኑን የሠራልን ልጅ ቦታውን አንድ ቀን አልረገጠውም። ካርታውን በስልክ ፎቶ አንስተን ላክንለት፣ በአራተኛው ቀን ሥዕሉ መጣ። የፊት ለፊቱ ምስል በጣም ያምራል፣ አልዋሽም፤ እኔም ባለቤቴም ያየነው እሱን ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ የሰሜን ቀስት አለ፣ ወደ ላይ ያመለክታል። ቤቱ አልቆ ከገባን በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሙቀቱ ሲያስመርረኝ የስልኬን ኮምፓስ ከፈትኩና ወረቀቱን ከቤቱ ጋር አስተካክዬ ያዝኩት። ሰሜን ያለው ቀስት የሚያሳየው ምሥራቅን ነው! ቀስቱ ሌላ ፕላን ላይ ከነበረው ሳይነካ ተገልብጦ የመጣ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ ያዩት ሰዎችም ከአጥር ምን ያህል እንደራቀ ለኩ፣ ማኅተም መቱ። ቀስቱን ያየ የለም። ልጁን ደውዬ ስጠይቀው ያለኝን እስካሁን አልረሳውም፦ "እህቴ፣ ቤት ወደ መንገድ ነው የሚሠራው። ፊቱ ካላማረ ነገ ልሽጠው ብትዪ ዋጋ አያወጣም።" እኔ ልሸጠው አልሠራሁትም። ልኖርበት ነው የሠራሁት።

ከዚያ በኋላ ነው እልህ ይዞኝ ስለ ፀሐይ ማንበብ የጀመርኩት። ዩቲዩብ ላይ ያለው ምክር በአብዛኛው የእኛ አይደለም። አውሮፓ ያለው ሳሎንህን ለደቡብ ክፈት ይልሃል፣ አውስትራሊያ ያለው ለሰሜን። ሁለቱም ለአገራቸው ልክ ናቸው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ መጨረሻ ላይ። በሁለቱ መካከል ባለው ክረምት እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ብዙ ግን አትርቅም። ሰኔ አጋማሽ ከአናታችን 16 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ አጋማሽ 31 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ። ይኼ ለቤት ሠሪ ትልቅ ዕድል ነው። የሰሜንና የደቡብ መስኮት በክፍክፍ፣ ከግድግዳው ወጣ ባለው የጣሪያ ጠርዝ ብቻ ይጋረዳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የደቡብ መስኮት ከራሱ በላይ፣ ከግድግዳው ወደ 70 ሳንቲም የወጣ ክፍክፍ ካለው የታኅሣሥ የእኩለ ቀን ፀሐይ መስታወቱን አትነካውም ማለት ይቻላል። ክፍክፉን ትንሽ ብታሳጥሩት ደግሞ በዚያ የብርድ ወር ጥቂት ፀሐይ ታስገባላችሁ። ምርጫው በእጃችሁ ነው። ለሰሜኑ መስኮት የዚያ ግማሽ ይበቃዋል፣ ክረምት ላይ ሰማዩም ደመና ስለሆነ አያስቸግርም።

ምዕራብ ግን ክፍክፍ አይበግረውም። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማሱ 20 ዲግሪ ገደማ ነው ያላት። ከክፍክፉ ሥር ሾልካ ትገባለች። የእኔ የሳሎን መስኮት ከወለል ጀምሮ 2 ሜትር ቁመት አለው፤ በዚያ ሰዓት ጨረሯ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሳሎኑ ራሱ 5 ሜትር ነው። ወፍራም መጋረጃ ገዛን፣ ከሥሩ ሌላ ደረብን። ጨለማው መጣ እንጂ ሙቀቱ አልሄደም፤ ለካ መስታወቱን አንዴ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው፣ መጋረጃው የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። መጋረድ ያለበት ከውጭ ነው። ይኼንን የነገረኝ መጋረጃ ሻጭ የለም።

በጣም የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ቦታችን 160 ካሬ ነው፣ በመንገዱ በኩል 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 16 ሜትር። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው! ቦታው ራሱ ትክክለኛውን ቤት አዘጋጅቶ ይዞልን ነበር። እኛ ግን ከጎን አጥር እስከ ጎን አጥር ድረስ ሰፍተን ሠራንና ባዶውን ቦታ ከፊትና ከኋላ ተውነው። የሰሜኑና የደቡቡ ግድግዳ ድፍን ነው፣ አንድ መስኮት የለበትም። ከሁሉም የተሻሉት ሁለቱ ጎኖች ማለት ነው። የቤቱን ወርድ ወደ 7 ሜትር አጥበን ወደ ሰሜኑ አጥር ብናስጠጋው ኖሮ በደቡብ በኩል 3 ሜትር ግቢ ከዳር እስከ ዳር ይተርፈን ነበር። የጎረቤት ግድግዳ ይጋርዳል እንዳትሉኝ፣ አስልቼዋለሁ። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በታኅሣሥ እኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ የኔ ግድግዳ ጋ ትደርሳለች። ሳሎኑም መኝታዎቹም ለዚያ ግቢ ይከፈቱ ነበር። በምዕራብ በኩል መታጠቢያ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ትንሽ ትንሽ መስኮት ያላቸውን ክፍሎች እንደረድር ነበር፤ የማታዋ ፀሐይ ለእነሱ ጥቅም ናት፣ እርጥበቱን ታደርቃለች። ጓሮውም ሰርቪሱ ሳይሞላው ጠዋቷን ያስገባ ነበር። በሩ ወደ መንገድ ቢሆን ማን ከለከለ? በር ሌላ፣ መስኮት ሌላ። ለዚህ ሁሉ ያን ያህል ተጨማሪ ብሎኬት አያስፈልግም ነበር።

ደግሞ እኮ ጥላ እንዴት እንደሚሠራ ጅማ የማታውቀው ነገር አይደለም። ጅሬን ውጡና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩት። የእንጨት ቤት ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ሰገነቱን፣ ሰፊውን በረንዳ፣ ከግድግዳው ርቆ የወረደውን ጣሪያ ተመልከቱ። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ቆሜ ነፋሱ ሲያገኘኝ ልቅሶ ነው የመጣብኝ። የእኛ ሰፈር ቤቶች ክፍክፍ ስንት ነው? አንድ ክንድ አይሞላም፤ ዝናቡም መስኮቱን ይደበድባል፣ ፀሐይዋም። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ።

አሁን የምችለውን እያደረግኩ ነው። ከፊት የአቮካዶ ችግኝ ተክያለሁ፣ ገና ጉልበቴ ላይ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ቀርከሃ አሠርተን አንድ ሜትር ያህል አርቀን አቆምን፣ ሐረግም እያወጣሁበት ነው። እውነት ለመናገር ቀርከሃው ከሁለቱ መጋረጃ የተሻለ ሠርቷል። መኝታ ቤቱ ግን ደቡብ ግድግዳው ካልተበሳ መፍትሔ የለውም፤ አጥሩም እዚያው ግድግዳው ነው።

ያስጻፈኝ እንግዲህ ቅዳሜ ያየሁት ነገር ነው። ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ፣ በእኛው ረድፍ፣ አንድ ወጣት ባልና ሚስት መሠረት ሊያስቆፍሩ ኖራ አስምረዋል። ዘልዬ ገባሁ። ሚስትየዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ጥላዋን ይዛ ቆማለች። "የኔ እህት፣ ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት ፊት ለፊት የተሰመረውን። "ሳሎን" አለችኝ። ከኋላ ያለውንስ? "የልጁ ክፍል።" ፕላኑን አሳዩኝ፤ ያው ነው። ቀስቱ እንኳ ያው ነው፣ ወደ ላይ።

እጇን ይዤ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። 10 ሰዓት ነበር። ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት፣ ምንም አልተናገርኩም። ቆየት ብላ ተነሳች። ከዚያ መኝታ ቤት አስገብቼ ቁም ሳጥኑን ሳብኩላት። ባሏ ማታ ደወለልኝ፤ ፕላኑን መቀየር ማለት እንደገና ፈቃድ፣ እንደገና ወረፋ ነው ብለውታል፣ ቆፋሪዎቹም ቀብድ በልተዋል። "እትዬ፣ ምን ይሻለናል?" አለኝ። ጠብቁ አልኩት። አንድ ወር ጠብቁ፣ ሁለት ወር ጠብቁ፣ ቀብዱም ይቅር። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቦታው ላይ አንድ እንጨት ትከሉና ጥላው የት እንደሚወድቅ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ድገሙት፣ 10 ሰዓት ላይ ድገሙት፣ ሦስቱን ድንጋይ ይዛችሁ ፕላን ሠሪውን እዚያው ቦታው ላይ አምጡት። ቁፋሮው ለሰኞ ነው የተቀጠረው። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ እንጨቱ ተተክሎ አየሁት፤ ድንጋይ ግን ገና አንድ ብቻ ነው ያለው።