ሰባት ወንበር ለስድስት ሰው

ገንዘቡ የምሳ እንግዶቹ አይደለም፤ ክርክሩን ግን የራሳቸው አደረጉት። የመኪናው ገዢ በአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቤት የሠራ ወዳጃችን ነው። ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹና እናቱ አብረውት ይኖራሉ፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ያለችው አንዲት ቪትዝ ናት። ዘንድሮ እጁ ስለተፍታታ ሰፊና ደረጃው ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ሊገዛ ቆርጧል። እሑድ ምሳ ጋብዞን ሳለ «ምን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀ፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መልስ የሚሰጠው እንጂ የሚበላ ጠፋ።

ቀድመው የተናገሩት ጎረቤቱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመስክ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ጡረተኛ። «ልጄ፣ ፕራዶ ግዛና ተኛ» አሉ። «ፕራዶ አካሉ ሻንሲ በሚባለው የብረት አጽም ላይ የተጫነ ነው፤ ጉድጓድ ቢመታው ሻንሲው ይችለዋል። ሆዱ ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። መለዋወጫው ሱማሌ ተራ ሞልቷል፤ የሚፈታው መካኒክም የትም አታጣም። እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ባትሪያቸውን ከሆዳቸው ሥር ነው ያነጠፉት። በዚህ በአንተ ሰፈር መንገድ አንድ ድንጋይ ቢያገኘው ምን ልትሆን ነው?»

የሚስቱ ወንድም የባንክ ሠራተኛ ነው፤ እስኪጨርሱ መታገሥ አልሆነለትም። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ፕራዶ ከየት ይመጣል? የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። የሚያገኘው ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረውን ነው፤ እሱንም እጥረቱ ባስወደደው ዋጋ። ደግሞ ባለ 2.7 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የለውም። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም።»

«ናፍጣው ተርቦ አለው» አሉ ጋሼ፣ ሳይቸኩሉ።

«የናፍጣ ሰልፍም አለው» አለ እሱ።

የእሱ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2021 ለቻይና ገበያ ተብሎ የወጣው ባለ ሦስት ረድፍ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። ጋሼ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «ይህ ሰው ሥራው አዳማ ያመላልሰዋል። መሄዱስ እሺ፣ ሲመለስስ?» አሉ። የሹፌር ጥያቄ ነው፤ አዳማ ዝቅ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የፍጥነት መንገዱ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው። የባንኩ ሰው ስልኩን አውጥቶ አሰላው። ሰውና ዕቃ ጭኖ ሦስት ቶን የሚጠጋ መኪና ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ማለት ነው። ከ80 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚይዝ ባትሪ ይህ አያስጨንቅም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድም ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ጥቂቱን ይመልሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዳገቱ ይልቅ ፍጥነቱ ነው። በቻይናው መለኪያ፣ አንዴ ተሞልቶ ይሄዳል ተብሎ የሚጻፈው ርቀት ዝግ ብሎ በሚሄድ መኪና የተገኘ ስለሆነ በፍጥነት መንገድ ላይ ከሩብ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ለአዳማ ደርሶ መልስ ግን ይተርፋል።

ቀጥሎ ሶኬቱ መጣ። በተራ ሶኬት መሙላት ዘበት ነው ያሉት ጋሼ በግማሹ ልክ ናቸው፤ 10 አምፔር የሚሰጥ ሶኬት በአንድ ሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚያስገባ፣ ይህን የሚያህል ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል። ይሁን እንጂ በየቀኑ ባዶ ሆኖ የሚገባ መኪና የለም። መኪናው ልጆቹን አድርሶ፣ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ የጎደለው ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይተካል።

«መብራት ካልጠፋ» አሉ ጋሼ። ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ እስከዚያ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የምታደርሰው እሷ ናት። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያየ አለ?» አለች። ማናችንም አልተቀመጥንበትም። ወንድሟ ቶሎ ብሎ፣ እሱ የሚያስበው ባለ ስድስት ወንበሩን እንደሆነ ነገራት፤ መካከለኛው ረድፍ ሁለት የተነጣጠሉ ወንበሮች ብቻ ያሉት፣ መተላለፊያ የተተወለት፣ «እንደ አውሮፕላን አንደኛ ማዕረግ» የሆነውን። «ቤተሰቡ ስድስት፣ ወንበሩ ስድስት» አለ። እናትየው በበኩላቸው፣ ስድስትም ይሁን ሰባት እሳቸው የሚቀመጡት ከፊት እንደሆነ አስታወቁ። ይህ ተጨማሪ ክርክር አላስነሳም።

እኔ ኤሌክትሪኩን እላለሁ፤ ግን ባለ ሰባት ወንበሩን። ባለ ስድስቱ ላይ ስድስት ሰው ሲሳፈር የኋላው ረድፍ ሁለቱም ወንበር ይያዛል፤ ከኋላው የሚቀረው ቦታ ጥቂት ዘንቢል ቢይዝ ነው፤ ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ነፋስ እየገፋ ባትሪውን ይበላል። ባለ ሰባቱ ላይ ግን እናቱ ከፊት፣ ሚስቱና ሁለት ልጆች መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ ትልቁ ልጅ ከኋላ ይሆኑና ሰባተኛው ወንበር ታጥፎ ለሻንጣ ይቀራል። ለዚህም ሦስተኛው ረድፍ ለሁለት ተከፍሎ የሚታጠፍ መሆኑን በዓይኑ ይይ። መተላለፊያው አይጠቅምም አልልም፤ የትንሹ ልጅ ወንበር መካከለኛው ረድፍ ላይ ከታሰረ በዚያ በኩል ወደ ኋላ መግባት አይቻልም። ስለዚህ በአንዱ ጥግ ታስሮ ሌላው ጥግ ለመግቢያ ይተው። ከኋላ ዐዋቂ ለማስቀመጥ ግን አያስብ። መርሴዲስ እንኳን የባለ ሰባት ወንበሩ የኤሌክትሪክ መኪናው የኢኪውቢ ሦስተኛ ረድፍ እስከ 1.65 ሜትር ቁመት ላለው ሰው ነው ይላል፤ ታዳጊው ልጅ ዛሬ ቢበቃው ነገ ያድጋል።

ጋሼ ስለ ድንጋዩ ያሉትን አልንቅም። ነገር ግን ያ ክፉ መንገድ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ያለው አራት መቶ ሜትር ያህል ነው፤ ጎረቤቶቹም ገረጋንቲ እንድናስደፋ አዋጣ ብለውት እስካሁን አልሰጠም። ለአራት መቶ ሜትር ጭቃ ሲባል ፕራዶ ከመግዛት መዋጮውን መክፈል ይረክሳል።

መኪናው ከመድረሱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ያለው ባለ 32 አምፔር መስመር ያዘርጋ፤ ያኔ ከባዶ ለመሙላት አንድ ሌሊት ይበቃል። የቻይናው መኪና መሙያ ሶኬት ከአውሮፓው የተለየ ስለሆነም መሙያውን ከመኪናው ጋር ይቀበል። ከሁሉ የሚከብደው ባትሪው ነው። መኪናው የተሠራው ለሌላ አገር ገበያ ስለሆነ እዚህ ቢበላሽ ኃላፊው ሻጩ እንጂ ፋብሪካው ላይሆን ይችላል። ሻጩ የባትሪ ዋስትናውን በጽሑፍ አልሰጥም ካለ፣ ያን ጊዜ ወዳጃችን የጋሼን ፕራዶ ይፈልግ፤ ናፍጣውን።