«ግሪስ ሁሉ አንድ ነው» ለምትሉ

ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልኩም። የላቦራቶሪ ብርጭቆ ዕቃዎች በሚጋጠሙበት ጆይንት ላይ የሚቀባ ግሪስ ምርጫ እንደሚፈልግ ሰው ማሳመን እንዴት እንዲህ ይከብዳል? ሚዛኑ በሚሊግራም ይቆጥራል። ሟሟው ንጹሕ ካልሆነ ተማሪው ያኮርፋል። ጆይንቱ ላይ ግን ከቦርሳ የወጣ የፊት ቫዝሊን በጣት ይለጠፋል። «ያው ያንሸራትት የለ!» ይሉኛል። ያንሸራትታል እንጂ። ቅቤም ያንሸራትታል።

እስቲ ሶክስሌትን ውሰዱ፤ ሟሟ እያፈላ ከተፈጨ ቅጠል ንጥረ ነገር የሚያወጣ የብርጭቆ መሣሪያ ነው። እኛ ጋ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት ስለሚበዛ ሶክስሌት ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ቅጠል ይፈጫል፣ ሄክሴን የሚባል ሟሟ ይሞላል፣ ቀኑን ሙሉ ይፈላል። ሄክሴን የሚፈላው 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ቫዝሊን ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ቀልጦ ያልቃል። ባይቀልጥም ሄክሴን ያሟሟዋል፤ ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሃይድሮካርቦን ናቸው። ትነቱ ጆይንቱን እያጠበ ቫዝሊኑን ወደ ፍላስኩ ያወርደዋል። ከዚያ ከቅጠሉ ምርት ጋር አብሮ ይመዘናል። «ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነው!»

መከራው የሚታየው ቆይቶ ነው። የሞለኪውልን አሠራር የሚያሳየው ኤንኤምአር ማሽን በየግቢው የለም። ተማሪው ናሙናውን ልኮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ስፔክትረሙ (የማሽኑ ግራፍ) ሲመጣለት በግራፉ መለኪያ 0.86 እና 1.26 ፒፒኤም ላይ ፒክ (ሹል ጫፍ) ቆሞ ያገኛል። ረጅም ሰንሰለት ያለው ሃይድሮካርቦን አገኘሁ ብሎ ይፈነድቃል። የቅጠል ሰምም እኮ ፒክ የሚሰጠው እዚያው አካባቢ ነው! የዕፅዋቱ ይሁን የቫዝሊኑ ማን ይለየው? አድቫይዘሩ «ድገመው» ይላል። ቅጠሉ ግን አልቋል፤ ተክሉም የሚገኘው ከክረምት በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ሶክስሌት ላይ ቫክዩም (አየር መምጠጥ) የለም። ንጹሕ ጆይንት ምንም ሳይቀባ ይሠራል። ካስፈለገም ጆይንቱ ላይ የሚጠለቅ ስስ የቴፍሎን ሽፋን አለ።

ሌሎቹ ደግሞ የሲሊኮን ወገን ናቸው። ለሁሉም በሽታ ሲሊኮን። እውነቱን ለመናገር ናሙናን ከእርጥበት ለሚጠብቀው ዴሲኬተርና ለቫክዩም መስመር ጥሩ ነው፤ ሙቀትም እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ፈሳሽ እየለካ በሚያወርደው ቱቦ፣ በቡሬት፣ ስቶፕኮክ (መዝጊያ) ላይ ከቀባችሁት ቀስ እያለ በብርጭቆው ላይ ይሳባል። ከዚያ ፈሳሹ ወጥ ሆኖ መውረዱ ቀርቶ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ንባቡ ገደል ገባ። ኤንኤምአር ላይ 0.07 ፒፒኤም አካባቢ ብቅ ይላል፤ እሱንስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔን የሚያበግነኝ ቅልቅሉን ነጣጥሎ የሞለኪውል ስብርባሪዎችን በክብደት የሚለየው ጂሲ-ኤምኤስ ማሽን ነው። 73፣ 207፣ 281 የሚሉ ፒኮች ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሳይሎክሴን (የሲሊኮን ውሁድ) ብሎ ይሰይማቸዋል። ስሙም ሰተት ብሎ የዕፅዋቱ ንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ኧረ ጎበዝ! ሳይሎክሴን የሚያመርት ቅጠል የት አያችሁ? ከግሪሱ ባይመጣ ከማሽኑ ኮለምን (መለያ ቱቦ) ወይም ከሴፕተሙ (መርፌ ከሚገባበት ክዳን) ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ታትሞ ስንቴ አንብቤያለሁ መሰላችሁ።

አቀባቡስ? ዳቦ ላይ ማርማላታ የሚቀቡ ነው የሚመስለው። ከጆይንቱ ላይኛው ክፍል ትንሽ ነካ አድርጎ ብርጭቆው ጥርት እስኪል ማዞር ነው፤ አለቀ። ስቶፕኮክ ላይ ደግሞ ቀዳዳውን መራቅ።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የብርጭቆ ስቶፕኮክ ባለው ቡሬት ሞልቶ ዓርብ ማታ ጥሎ የሚሄደውንማ ተዉኝ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ብርጭቆውን ይበላና ሰኞ ስቶፕኮኩ አልላቀቅ ይላል። በፒንሳ ይታገለዋል። ቀጭ!

አንዷን ግን ሳልቀልድ ልናገር። የኦክስጅን ሲሊንደር ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) አጠገብ ቫዝሊንም ሆነ ግራሶ እንዳታደርሱ። ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ካገኘ እሳት ሊነሳ ይችላል። ለዚያ እንደ ክራይቶክስ ያሉ ፍሎሪን ያለባቸው ግሪሶች አሉ፤ ዋጋቸው አይነሳ።

ግራሶ ካልኩ አይቀር የግዢውን ጉድ ስሙ። ዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ሞዴል 20 ላይ «አፒዬዞን ኤን ወይም አቻው፣ ለቫክዩም የሚሆን» ብዬ ጻፍኩ፤ የሃይድሮካርቦን ግሪስ ነው። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ዝርዝሩ ተቆርጦ «ግሪስ» የምትለው ብቻ ቀረች። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። የመጣው ሊቲየም ሳሙና ያለበት የመኪና ግራሶ ነው፣ ያውም በትልቅ ጣሳ። ለመኪና ኩሽኔታ ግሩም ነው። ቫክዩም ላይ ግን ዘይቱ እየተነነ ፓምፑን ያስለፋዋል። ይመለስልኝ ብል «ሞዴል 19 ተቆርጦለታል» ተባልኩ፤ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ማለት ነው። ይኸው ስቶር ተቀምጦ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ይቆጠራል።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ቱቦ የሃይድሮካርቦን ግሪስ፣ አንድ ቱቦ የሲሊኮን ግሪስና ጭራሽ ግሪስ የማይፈልጉ ባለቴፍሎን ስቶፕኮክ ቡሬቶች ነው። የግዢው ሰውዬ አስቦ አስቦ «ቡሬቱ አለ አይደል፣ የቴፍሎኗን መዝጊያ ብቻ ብንገዛስ?» አለኝ። ጋሼ፣ የብርጭቆው መዝጊያ የሚሾለው 1 ለ 10 ነው (በ10 ርዝመት 1 ይቀጥናል)፤ የቴፍሎኑ ደግሞ 1 ለ 5። አይገጥምም! «እሺ፣ ለሐምሌ በጀት አስይዘው» አሉኝ። አስይዣለሁ። አሁን «ቡሬት» የምትለው ብቻ እንዳትቀር ፕሮፎርማውን ራሴ ይዤ እየዞርኩ ነው።